ጉድለቱ ከልጁ ነው ወይስ ከፈተናው? የትምህርት ቤት ሥነ ልቦና ባለሙያ ሥልጠና
አንድ ተማሪ ማንበብ ሲሳነው ወይም በክፍል ውስጥ ዝም ሲል ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል፦ የመስማት ችግር፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት፣ ኦቲዝም፣ ፍርሃት ወይም የትምህርቱን ቋንቋ ገና አለመልመድ። ይህን መለየት ከትምህርት ቤት ሥነ ልቦና ባለሙያ ዋና ኃላፊነቶች አንዱ ነው። ስህተቱ የልጁን የወደፊት ሕይወት ስለሚነካ ሥልጠናው ረጅም ነው።

ሙያው ሥር በሰደደበት በዩናይትድ ስቴትስ፣ ብሔራዊው የሙያ ማኅበር ያወጣው መስፈርት ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ቢያንስ 60 ክሬዲት ሰዓት ትምህርት ይጠይቃል። ሠልጣኙ የልጆችን እድገት፣ የምዘና ዘዴንና የምክር አገልግሎትን ያጠናል። በተጨማሪም በነባር ባለሙያ ክትትል 1,200 ሰዓት የተግባር ልምምድ ያደርጋል፤ ከዚህም ቢያንስ 600 ሰዓቱ በትምህርት ቤት የሚፈጸም ነው።

የምዘና ትምህርቱ ጥንቃቄ ከመራራ ልምድ የተገኘ ነው። በካሊፎርኒያ በቤታቸው ስፓኒሽ የሚናገሩ 9 የሜክሲኮ ተወላጅ ልጆች በእንግሊዝኛ ተፈትነው የአእምሮ ውስንነት አለባቸው በሚል ወደ ልዩ ክፍል ተመድበው ነበር። በስፓኒሽ እንደገና ሲፈተኑ ግን አብዛኞቹ በዚያ ክፍል ሊመደቡ የማይገባቸው ሆነው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ1970 ጉዳዩ በፍርድ ቤት በስምምነት ሲቋጭ፣ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲመዘኑ ተወሰነ።

እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የአካል ጉዳተኛ ልጆች ትምህርት ሕግም ይህንኑ መርህ አጸና። በአንድ ፈተና ብቻ መወሰን አይፈቀድም፤ የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለእያንዳንዱ ልጅም ወላጆቹ የሚሳተፉበት የግል የትምህርት ዕቅድ ይዘጋጃል። ባለሙያው በዚህ ዕቅድ ላይ ልጁ ተጨማሪ የፈተና ጊዜ፣ የምክር አገልግሎት ወይም ሌላ ድጋፍ እንደሚያሻው ሐሳብ ያቀርባል።

ጉዳዩ በቤታቸው አማርኛ፣ በትምህርት ቤት ደግሞ ዐረብኛ ወይም እንግሊዝኛ የሚናገሩ ልጆች ላሏቸው የአካባቢው ቤተሰቦችም ቅርብ ነው። ልጁ መቼ አፉን እንደፈታ፣ በአማርኛ ሲያዙት ይረዳ እንደሆነ፣ የሰማውን ተረት መልሶ ይናገር እንደሆነ ከወላጅ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ችግሩ የሚታየው በትምህርት ቤቱ ቋንቋ ብቻ ከሆነ ልጁ የሚያስፈልገው የቋንቋ ትምህርትና ጊዜ ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ቋንቋ የሚታይ ከሆነ ግን «ሲያድግ ይተወዋል» ብሎ መጠበቅ ልጁን ድጋፍ ያሳጣዋል፤ ወላጅ ሳይዘገይ ምዘና ሊጠይቅ ይገባል።