ብራዚሊያ፦ ቤተ መንግሥቱን ማን ሠራው? ማንስ ገባበት?

ቤተ መንግሥት ሲባል በአብዛኞቻችን አእምሮ የሚመጣው ረጅም አጥር፣ የተዘጋ በርና «እለፍ! አትቁም!» የሚል ዘበኛ ነው። አሻግሮ ማየት እንኳ ያስፈራ ነበር። የብራዚል ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት የሆነው የፕላናልቶ ቤተ መንግሥት ግን ለዓመታት በቆየ ልማድ እሁድ ዕለት ሕዝብ በነፃ እየገባ ይጎበኘዋል። ከውድ አንባቢዎቻችን መካከል እግሩ ወደዚያ የጣለው ቢኖር ሳያየው እንዳይመለስ እንመክራለን።

ብራዚሊያ ከገበያ ወይም ከወደብ ተነሥታ ቀስ በቀስ ያደገች ከተማ አይደለችም። ዋና ከተማው ከባሕር ዳርቻ ወደ መሐል አገር እንዲዛወር ገና በ1891 (በዚህ ጽሑፍ ካልተገለጸ በቀር ዘመኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በሕገ መንግሥት ታስቦ ነበር። ነገሩ ወረቀት ላይ ቀርቶ ከኖረ በኋላ፣ በ1956 ሥልጣን የያዙት ፕሬዚዳንት ጁሴሊኖ ኩቢቼክ «የ50 ዓመት ሥራ በ5 ዓመት» ብለው ተነሡ። ሉሲዮ ኮስታ የከተማዋን ፕላን አወጣ፤ ኦስካር ኒማየር ዋና ዋናዎቹን ሕንፃዎች ነደፈ። ሰው እምብዛም ባልሰፈረበት ደጋማ ሜዳ ላይ የተቆረቆረችው ከተማ ኤፕሪል 21 ቀን 1960 ተመረቀች።

ፕላናልቶ ማለት አምባ ማለት ነው። ሕንፃው ዙሪያውን መስታወት ሲሆን፣ ነጫጭ ዓምዶቹ ወደ መሬት ሲወርዱ እየቀጠኑ ስለሚሄዱ ቤቱ ያረፈ ሳይሆን ብድግ ያለ ይመስላል። ይህን ውበት በስሌት እንዲቆም ያደረገው ባለቅኔም የነበረው መሐንዲስ ጆአኪም ካርዶዞ ነው። ከፊት ለፊት አዲስ ፕሬዚዳንት ሥልጣን ሲረከብ የሚወጣበት ረጅም ተዳፋት መንገድ አለ። በጎን ደግሞ መሪው ቆሞ ለሕዝብ የሚናገርበት ሰገነት ተሠርቷል። አደባባዩን ሦስቱ የመንግሥት አካላት ይጋሩታል፤ ቤተ መንግሥቱ፣ ምክር ቤቱና ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ይተያያሉ።

ብራዚል ከእኛም ታሪክ ጋር ትነካካለች። ከተማዋ በተመረቀች በስምንተኛው ወር፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ ነበር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ መፈንቅለ መንግሥት የሞከሩት። ታግተው የነበሩ ባለሥልጣናት የተገደሉበት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ብዙም ሳይቆይ ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ። ተማሪ በንጉሥ ግቢ ገባ። የምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ ደግሞ ለጎብኚ የተከፈተው በ2019 ነው፤ ያውም በክፍያ።

ታዲያ መስታወት ሁሉ ግልጽነት ነው ማለት አይደለም። ብራዚሊያን በእጃቸው የገነቡት ከድሃው ሰሜን ምሥራቅ በገፍ የጎረፉ የቀን ሠራተኞች ነበሩ። «ካንዳንጎ» ይባሉ ነበር፤ መነሻው የንቀት ስም ነው። ግንባታው ሲያልቅ ግን በውቢቱ ፕላን ውስጥ ለእነርሱ የሚሆን በቂ ቤት አልነበረም። በየጥጉ ጎጆ ቀለሱ። በ1971 መንግሥት በአሥር ሺህ የሚቆጠሩትን አንሥቶ ከመሐል ከተማ ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አሰፈራቸው። የሰፈሩ ስም ሴይላንዲያ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ፊደላት የተወሰዱት «የሕገ ወጥ ሰፈራ ማስወገጃ ዘመቻ» ከሚለው የፖርቱጋልኛ መጠሪያ ነው። ሰው በተባረረበት ዘመቻ ስም ሲጠራ ይኖራል! ወደ 500,000 ሰው ታስቦላት የነበረችው ከተማ ከነአካባቢዋ በ2022 ቆጠራ 2.8 ሚሊዮን ሕዝብ ተገኝቶባታል፤ አብዛኛው የሚኖረው ከፕላኑ ውጭ ነው። በሰው አገር የሚያምር ሕንፃ እየሠራን፣ እያጸዳንና እየጠበቅን በሩቅ ሰፈር ለምናድር ስደተኞች ይህ ታሪክ ማብራሪያ አያሻውም።

በአደባባዩ ላይ ግን ካንዳንጎዎች ተብሎ የሚጠራ የብሩኖ ጆርጂ የነሐስ ሐውልት ቆሟል፤ የንቀቱ ስም ዛሬ የኩራት ስም ሆኗል።

መስታወቱ ጠላትንም አያቆምም። ጃንዋሪ 8 ቀን 2023 በምርጫ የተሸነፉት የቦልሶናሮ ደጋፊዎች ሦስቱንም ሕንፃዎች ጥሰው ገቡ። በፕላናልቶ ውስጥ የዲ ካቫልካንቲን ታዋቂ ሥዕል ወጉ፤ ከፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ለፖርቱጋል ንጉሣዊ ቤተሰብ የተበረከተውን የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሰዓት ሰባበሩ። ሰዓቱ በስዊዘርላንድ ተጠግኖ በ2025 ወደ ቦታው ተመለሰ። የሰበረው ሰው 17 ዓመት ተፈረደበት።

የጥሰት አገባብ ሌላ፣ የባለቤት አገባብ ሌላ ነው። በዚያ እሁድ የገቡት የድምፅ ካርዱን ውጤት ለመሻር ነበር፤ በሌላው እሁድ ተሰልፎ የሚገባው ዜጋ ግን የራሱን ቤት ሊያይ ይገባል። የቤተ መንግሥትን ልክ የሚነግረን ዓምዱ ሳይሆን ደጁ ነው። ሠሪው በክብር ሲገባበት፣ ተሸናፊውም በሰላም ሲወጣበት ያን ጊዜ በእርግጥ የሕዝብ ቤት ይባላል። ለእኛም አገር የምንመኘው ይህንኑ ነው።