ኤዲ ሮቢንሰን

ኤዲ ሮቢንሰን (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1919 – ኤፕሪል 3 ቀን 2007) በአሜሪካ ሉዊዚያና ግዛት የሚገኘውን የግራምብሊንግ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ከ1941 እስከ 1997 የመሩ አሜሪካዊ አሠልጣኝ ነበሩ። በእሳቸው ዘመን ቡድኑ 408 ጊዜ አሸንፏል፣ 165 ጊዜ ተሸንፏል፣ 15 ጊዜ ደግሞ አቻ ወጥቷል። ሮቢንሰን የሚታወሱት ግን በድል ብዛት ብቻ አይደለም። ጥቁር ተማሪዎች በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች መጫወት በማይችሉበት ጊዜ ከአንድ አነስተኛ ኮሌጅ ከ200 በላይ ተጫዋቾችን ለፕሮፌሽናል ሊጎች አብቅተዋል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ጨዋታው

የአሜሪካ ፉትቦል በኢትዮጵያ እግር ኳስ ከሚባለው የተለየ ጨዋታ ነው። በእያንዳንዱ ወገን 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ ሞላላዋን ኳስ በእጅ ይዞ በመሮጥ ወይም በመወርወር ወደ ተጋጣሚ ሜዳ ጫፍ ለማድረስ ይታገላሉ። ማጥቃቱን የሚመራው፣ ኳሷን ለማን እንደሚሰጥ ወይም እንደሚወረውር የሚወስነው ተጫዋች ኩዋርተርባክ ይባላል። ፕሮፌሽናል ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በብዛት የሚመለምሉት ከዩኒቨርሲቲዎች ስለሆነ፣ የኮሌጅ አሠልጣኝ የብዙ ወጣቶችን ዕጣ የሚወስን ሰው ነው።

ልጅነትና ትምህርት

ሮቢንሰን የተወለዱት በሉዊዚያና ጃክሰን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባታቸው የሰው መሬት እያረሱ ምርቱን የሚካፈሉ ገበሬ፣ እናታቸው ደግሞ የቤት ሠራተኛ ነበሩ። በሌላንድ ኮሌጅ ሲማሩ በኩዋርተርባክነት ተጫውተዋል። ከተመረቁ በኋላ በባተን ሩዥ ከተማ በአንድ የእንስሳት መኖ ፋብሪካ በሰዓት 25 ሳንቲም እየተከፈላቸው ሠሩ።

የሥራ ጅማሬ

በ1941 የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ራልፍ ዋልዶ ኤመርሰን ጆንስ የ22 ዓመቱን ወጣት በወር 63.75 ዶላር ቀጠሩት። ኮሌጁ በዚያን ጊዜ ጥቁር መምህራንን የሚያሠለጥን ተቋም ነበር፤ ግራምብሊንግ የሚለውን ስም የያዘው በ1946 ነው። አዲሱ አሠልጣኝ የሜዳውን ሣር ማጨድ፣ መስመር ማስመርና የተጎዱትን ማሸግ ጭምር የራሳቸው ሥራ ሆነ። በደቡብ ግዛቶች ብዙ ምግብ ቤቶች ጥቁሮችን ስለማያስተናግዱ፣ ቡድኑ ለጨዋታ ሲጓዝ ስንቅ አዘጋጅቶ ይሄድ ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት ቡድኑ ከ8 ጨዋታ ያሸነፈው 3ቱን ብቻ ነው። በ1942 ግን 9ኙንም አሸነፈ፤ በዚያ ዓመት አንድም ተጋጣሚ ነጥብ አላስቆጠረበትም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት በ1943 እና በ1944 ኮሌጁ ቡድን አልነበረውም።

ወደ ፕሮፌሽናል ሊግ የተከፈተ በር

በ1949 የሮቢንሰን ተጫዋች የነበረው ታንክ ያንገር ከሎስ አንጀለስ ራምስ ጋር ፈረመ። ከጥቁሮች ኮሌጅ ወጥቶ ወደ ብሔራዊው ፉትቦል ሊግ የገባ የመጀመሪያው ተጫዋች እሱ ነው። በ1963 ደግሞ ባክ ቡካነን በአሜሪካን ፉትቦል ሊግ ዓመታዊ ምልመላ ከሁሉም ቀድሞ ተመረጠ። ዊሊ ዴቪስ፣ ዊሊ ብራውንና ቻርሊ ጆይነርም የሮቢንሰን ተጫዋቾች ነበሩ።

ሆኖም አንድ ቦታ ለረጅም ጊዜ ዝግ ሆኖ ቆየ። ብዙ ክለቦች ጥቁር ተጫዋች ቡድን ሊመራ አይችልም የሚል አመለካከት ስለነበራቸው፣ በኮሌጅ ኩዋርተርባክ የነበሩትን ጥቁሮች ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሯቸው ነበር። ሮቢንሰን ጄምስ ሃሪስን ለዚሁ ቦታ አዘጋጁት፤ እሱም በ1969 የቡፋሎ ቢልስን የመክፈቻ ጨዋታ በኩዋርተርባክነት ጀመረ። በጃንዋሪ 1988 ሌላው ተማሪያቸው ዳግ ዊሊያምስ በሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ ዋሽንግተን ዴንቨርን 42 ለ 10 እንዲያሸንፍ መራ፤ የጨዋታው ኮከብ ተብሎም ተመረጠ። በኩዋርተርባክነት ይህን ዋንጫ ያነሣ የመጀመሪያው ጥቁር እሱ ነበር።

የድል ክብረ ወሰን

ኦክቶበር 5 ቀን 1985 ግራምብሊንግ በዳላስ ፕሬሪ ቪውን 27 ለ 7 ሲያሸንፍ፣ ሮቢንሰን 324ኛ ድላቸውን አግኝተው የአላባማውን ታዋቂ አሠልጣኝ ቤር ብራያንትን በለጡ። አንዳንዶች የግራምብሊንግ ተጋጣሚዎች እንደ አላባማ ተጋጣሚዎች ጠንካራ አልነበሩም በማለት ንጽጽሩን ተችተዋል። ነገር ግን ግራምብሊንግ ለብዙ ዓመታት ከጥቁሮች ኮሌጆች ጋር ብቻ የተጫወተው በምርጫው ሳይሆን የዘር መድልዎ ሌላ አማራጭ ስላልሰጠው ነው። በ1995 ሮቢንሰን 400ኛ ድላቸውን አስመዘገቡ። በ2003 በሚኒሶታ ትንሽ ኮሌጅ ያሠለጥኑ የነበሩት ጆን ጋግሊያርዲ 409ኛ ድላቸውን በማግኘት ክብረ ወሰኑን ወሰዱ።

የመጨረሻ ዓመታት

ከ1970ዎቹ ጀምሮ የደቡብ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ለጥቁር ተጫዋቾች በራቸውን ከፈቱ። ይህ ለወጣቶቹ ትልቅ ዕድል ሲሆን ለግራምብሊንግ ግን ፈተና ሆነ፤ ቀድሞ ወደ ሮቢንሰን ይመጡ የነበሩት ምርጥ ልጆች ብዙ ገንዘብና ሰፊ ስታዲየም ወዳላቸው ዩኒቨርሲቲዎች መሄድ ጀመሩ። የሮቢንሰን ቡድን ከዚያም በኋላ ዋንጫ ቢያነሣም፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት የውድድር ዘመናት ከድሉ ሽንፈቱ በልጦ አጠናቀቀ። በ1996 ሥራቸውን እንዲለቁ ግፊት ቢደረግባቸውም ብዙ ሕዝብ ስለተቃወመ አንድ ዓመት ተጨመረላቸው። በ1997 ጡረታ ሲወጡ 17 የሊግ ዋንጫዎችን ሰብስበው ነበር። በቦታቸው የተተካው የቀድሞ ተማሪያቸው ዳግ ዊሊያምስ ነው።

ሮቢንሰን በአልዛይመር በሽታ ሲሠቃዩ ቆይተው በ88 ዓመታቸው በሉዊዚያና አረፉ። የግራምብሊንግ ስታዲየም በስማቸው ይጠራል፤ ከ1987 ጀምሮም በየዓመቱ ለምርጥ የኮሌጅ አሠልጣኝ የሚሰጥ ሽልማት ስማቸውን ይዟል።