ከንፈሯ ጽጌረዳ፣ ልቡ እሳተ ገሞራ

በቴሌግራም በክፍል በክፍል የሚለቀቁ የፍቅር ታሪኮችን የሚከታተል ሰው የልጅቷን መልክ ታሪኩ ውስጥ ሳትገባ ያውቀዋል። ዓይኗ ውቅያኖስ፣ ከንፈሯ ጽጌረዳ፣ ሳቋ ፏፏቴ ነው። አፍቃሪዋ ሲያያት ልቡ እንደ እሳተ ገሞራ ይፈነዳል፤ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ደግሞ እንደ በረዶ ይቀልጣል። ከዚያ «ይቀጥላል» ይባላል። ጸሐፊው የደሴ ልጅ ከሆነ ይህ ሁሉ የሚሆነው ፒያሳ፣ ባጃጅ እየተጠበቀ ሊሆን ይችላል።

በሌላው ዓለም አንባቢዎች ከወደዱት ልብ ወለድ ወይም ፊልም ገጸ ባሕርያቱን ተውሰው የራሳቸውን ታሪክ የሚጽፉበት «ፋን ፊክሽን» የተባለ ልማድ አለ፤ በተንዛዛ ንጽጽሩም ይቀለድበታል። የእኛ የቴሌግራም ታሪክ የቅርብ ዘመዱ ነው። ሁለቱንም በአብዛኛው የሚጽፉት ያለ ክፍያና ያለ አርታኢ የሚሠሩ ወጣቶች ናቸው፤ አንባቢውም ቀጣዩን ክፍል ቶሎ ይፈልጋል። በጥድፊያ የሚጽፍ ሰው እጁ የሚገባለትን ንጽጽር ያነሣል።

ለመሆኑ ንጽጽሩ ያስኬዳል? ዓይንን ከውቅያኖስ ጋር ያስተያየው መጀመሪያ ሰማያዊ ዓይን ያየ ሰው መሆን አለበት። የደሴዋ ልጅ ዓይን ጥቁር ነው። አገሪቱም ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ውቅያኖስ ቀርቶ የባሕር ዳርቻ የላትም። ውኃ የግድ ካስፈለገ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሐይቅ ሐይቅ ተኝቷል፤ ጸሐፊው ግን እሱን አልፎ አትላንቲክ ይገባል።

የቀድሞዎቹ አወዳሾች የተሻሉ ነበሩ ብሎ ለመደምደምም አይቸኮልም። ጥርሷ ሐጫ በረዶ፣ አንገቷ ብርሌ፣ ጣቷ አለንጋ፣ ዓይኗ የብር አሎሎ ሲባል ኖሯል። በረዶው ግልጽ ነው፤ በክረምት የደሴን ቆርቆሮ ሲደበድብ የሰማ ሁሉ ንጣቱን ያውቀዋል። ብርሌም ቀጭንና ረጅም አንገት አለው፤ ሆዱ ክብ መሆኑን አድማጩ ሆን ብሎ ይረሳዋል። አለንጋው ላይ ነገሩ ያጠራጥራል። ከአለንጋ የሚወሰደው ቅጥነቱና አወራረዱ ብቻ ነው፤ የተገረፈበት ሰው ግን ሌላም ነገር ሊያስታውስ ይችላል። የብር አሎሎው ይብሳል፤ አሎሎን በስፖርት ሜዳ ሲወረወር ብቻ ያየ የዛሬ ተማሪ፣ የዓይኑን ድቡልቡልነትና ብሩህነት ትቶ ክብደቱን ቢያስብ አይፈረድበትም።

እነዚህን ያቆያቸው እንግዲህ ትክክለኛነታቸው አይደለም። ተናጋሪውና ሰሚው ከዕቃው ላይ የትኛው ጠባይ እንደሚወሰድ አስቀድመው ተስማምተዋል። ይህ ስምምነት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን ያሳያል። መጽሐፉ የሙሽራዪቱን ጠጉር ከገለዓድ ተራራ ከሚወርድ የፍየል መንጋ ጋር ያመሳስላል። የከተማ አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ይላል፤ ጠረኑ ቀድሞ ይታየዋል። ሰኞ ጠዋት ባቲ ገበያ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ግን አይስቅም። ጥቁር ፍየሎች ተጠጋግተው ቁልቁለቱን ሲወርዱ፣ ሲተጣጠፉና ጀርባቸው በፀሐይ ሲያብለጨልጭ ያየ እንደሆነ የተለቀቀ ጠጉር ማለት ያ ነው።

ወሎ ለዚህ ጉዳይ ባዕድ አይደለም። ከአራቱ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በዚሁ አካባቢ ስም ይጠራሉ፤ የማሪቱ ለገሰን አምባሰል ያልሰማ ጥቂት ነው። አዝማሪ ሲያወድስ ተወዳሿ ፊቱ ተቀምጣለች። ንጽጽሩ ካልገጠመ ቤቱ ዝም ይላል ወይም በሳቅ ይገድለዋል፤ ከታዳሚው አንዱም የተሻለ ግጥም ሊሰጠው ይችላል። የቅኔ ቤቱ ፈተና ደግሞ ጠበቅ ይላል። የወሎው ዋድላ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ስሙ የሚነሣ የቅኔ ቤት ነው። ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ሲነግር ሰሙ ከወርቁ ጋር አካል በአካል መግጠም አለበት። እሳት በሰሙ ከገባ በወርቁ የሚነድ ነገር ይፈለጋል። ከላይ ያየነው ጎረምሳ በአንድ ትንፋሽ ፈንድቶ ሲቀልጥ የቅኔ መምህር ምን እንደሚሉት መገመት አያዳግትም።

የቴሌግራሙ ጸሐፊ እንዲህ ያለ ፊት አያይም። የሚያየው የልብ ምልክት ነው፤ ልብ ደግሞ ለውቅያኖሱም ለእሳተ ገሞራውም እኩል ይሰጣል።

የተሰለቸ ንጽጽር ላይ መቀለድ አዲስ አይደለም። ሼክስፒር በ1609 እ.ኤ.አ. በታተሙት ሶኔቶቹ በአንዱ፣ በ130ኛው፣ የዘመኑ ገጣሚዎች ለሴት የሚደረድሩትን ፀሐይና ጽጌረዳ አንድ በአንድ አንሥቶ የእሱ ሴት ይህን እንደማትመስል ይናገራል። ፍቅሩ ግን አልቀነሰም።

ማጋነን በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ፍቅር የያዘው ሰው ያጋንናል። ጥያቄው ጸሐፊው ነገሩን አይቶታል ወይ ነው። አንድ የደሴ ወጣት የጀግናውን ልብ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው መንገድ ሐረጎን ቁልቁል በሚወርድ የጭነት መኪና ይመስል እንበል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ይዞ ይወርዳል፤ ፍሬኑ ይግላል፣ ይሸታል፤ ኋላ ያለው ጭነት ግን ይገፋል። ጀግናው ልጅቷን ኮምቦልቻ ሊያገኛት እየሄደ ከሆነ እንዲህ ያለው ልብ የተጋነነ ነው፣ ጥቂትም ያስቃል። በዚያ መንገድ በሚኒባስ የተመላለሰ አንባቢ ግን ምን ማለቱ እንደሆነ አይጠይቅም።