ቺካጎ ጥንዚዛውን ያሸነፈችው እንዴት ነው?

ራቨንስውድ የሚባለው የቺካጎ ሰፈር ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባቸው ከአፕታውንና ከኤጅዋተር ጋር ጎረቤት ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1998 በዚህ ሰፈር ዛፎች ላይ ከእስያ የመጣ ጥንዚዛ ተገኘ። ለዓይን ያምራል፤ ጥቁርና አብረቅራቂ ነው፤ ነጫጭ ነጠብጣብ አለበት፤ ዝንጉርጉር ቀንዶቹ ከገላው ይረዝማሉ። ዛፉን የሚገድለው ግን ይህ የምናየው ጥንዚዛ ሳይሆን እጩ ነው። እናቲቱ ቅርፊቱን ቦርቡራ እንቁላሏን ትጥላለች፤ የተፈለፈለው እጭ እንጨቱን እየሰረሰረ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ዛፉ ላይ ላዩን ለምለም ሆኖ ሳለ ውስጡ ወንፊት ይሆናል። ሜፕል፣ ኤልም፣ አኻያ ሁሉ ምግቡ ነው። አንዴ የገባበትን ዛፍ የሚያድን መድኃኒት የለም።

የመጣው ከቻይና ዕቃ በታሸገበት እንጨት ውስጥ ተደብቆ ነው። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1996፣ ኒውዮርክ ብሩክሊን ውስጥ ታይቶ ነበር። አሜሪካ ከቻይና የሚመጣ የማሸጊያ እንጨት በሙቀት ወይም በኬሚካል ሳይታከም እንዳይገባ የከለከለችው ግን በዲሴምበር 1998 ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው።

ቺካጎ ግን አላንቀላፋችም። ከ1,500 በላይ ዛፎች ተቆርጠው በማሽን ተፈጩ። የዕድሜ ባለጸጋ ዛፎች ጥላ የነበረው መንገድ በአንድ ወቅት ራቁቱን ቀረ። ነዋሪው አዘነ፤ ቢያዝንም አይፈረድበትም። በአካባቢው የቀሩት ጤነኛ ዛፎች መከላከያ መድኃኒት ተወጉ፤ እንጨት ከክልሉ እንዳይወጣ ታገደ፤ ተቆጣጣሪዎች በየጓሮው እየገቡ፣ ዛፍ ላይ እየወጡ ዓመት ከዓመት ፈተሹ። በኤፕሪል 2008 ተባዩ ከቺካጎ ጠፍቷል ተብሎ ታወጀ። አሥር ዓመት ያህል ፈጀ ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር የጥንዚዛው ጠባይም ረድቷል። ትልቅ ስለሆነ በዓይን ይታያል፤ ሰነፍ በራሪ ስለሆነ ዛፉ እስኪሞት ድረስ ከተፈለፈለበት ብዙም አይርቅም። በ2002 በዲትሮይት አካባቢ የታወቀው አረንጓዴው የአሽ ዛፍ ጥንዚዛ ግን ትንሽ ነው፤ ከቅርፊቱ ሥር ስለሚሠራ ሲደረስበት ዓመታት አልፈዋል። በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ዛፎች ገደለ፤ የፌዴራሉ መንግሥትም በጃኑዋሪ 2021 የእንጨት ዝውውር እገዳውን አነሳ። የሚገርመው፣ ቺካጎ አንዱን ባሸነፈችበት በ2008 ይኸኛው ደግሞ ከተማዋ ውስጥ ተገኘ።

ታዲያ እኛን ምን አገባን የሚል ይኖራል። ተባዩ በራሱ ክንፍ ከሚሄደው ይልቅ ሰው በመኪና የሚያደርሰው ይበልጣል። በጁላይ ለኳሱ በዓል ከስቴት ወደ ስቴት ስንነዳ፣ ለፒክኒክ ሥጋ መጥበሻ ብለን ማገዶ ከሩቅ የምንጭን ከሆነ ነገሩ የኛም ነው። ማገዶውን እዚያው ከምንደርስበት እንግዛ። ሌላው ደግሞ በራችን ላይ ነው። የመንግሥት ሰው በር ሲያንኳኳ ልቡ ድው የማይል ስደተኛ ጥቂት ነው፤ ከየት እንደመጣን እናውቃለንና። ይሁን እንጂ መታወቂያውን አሳይቶ ጓሮ ያለውን ዛፍ ልመልከት የሚለው ሰው የሚፈልገው ጥንዚዛውን ነው። አንድ ጓሮ ሳይታይ ከቀረ ለቀረው ሰፈር ሁሉ ድካሙ ከንቱ ነው።

የእስያው ጥንዚዛ ከዚያ በኋላም በ2008 በማሳቹሴትስ፣ በ2011 በኦሃዮ፣ በ2020 በሳውዝ ካሮላይና ተገኝቷል። ግንድ ላይ የዳይም ሳንቲም የሚያህል ክብ ቀዳዳ፣ ከሥሩም የእንጨት ብናኝ ካያችሁ ፎቶ አንሱ። ጥንዚዛውን ካገኛችሁት በማሰሮ ክዳኑን ገጥማችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡትና ለስቴታችሁ የእርሻ መሥሪያ ቤት ደውሉ።