ቁጣ ወደ ቂም ሳይለወጥ

ሰኔ ሲገባ በአምባ ጊዮርጊስ ዙሪያ ያለው የወገራ ደጋ በእርሻ ይጠመዳል። ገበሬው ለገብሱና ለስንዴው ትልም ሲያወጣ አንዳንድ ጊዜ ማረሻው ከድንበሩ ድንጋይ ጥቂት ያልፋል። የአዋሳኙ ማሳ ባለቤት ይህን አይቶ ይጮኻል፤ ያኛውም ይመልሳል፤ ዱላ ይነሣል። ጠቡ በዚያው ቢበርድ መልካም ነበር። ነገር ግን ከአንድ ክንድ በማይበልጥ መሬት የተነሣ ደም የፈሰሰበት፣ ያም ደም ሌላ ደም የጠራበት ቤት በአገራችን ጥቂት አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ቁጣ ምን እንደ ሆነ፣ አደገኛ የሚሆነው የት ላይ እንደ ሆነና እንዴት ልንይዘው እንደሚገባ እንመለከታለን።

ቋንቋችን ቁጣን፣ ቂምንና በቀልን ለይቶ ያውቃቸዋል። ቁጣ በደል ደረሰብኝ ብለን ስናስብ የሚነሣ የቅጽበት ስሜት ነው። ቂም ያ ስሜት ሳይነገር ሲቀር በልብ ውስጥ የሚቋጠር ነው። በቀል ደግሞ ያ ቋጠሮ በሌላው ላይ የሚፈታበት ነው። ቁጣ በራሱ በሽታ አይደለም፤ ድሃ ሲበደል፣ ሕፃን ሲደበደብ አይቶ የማይቆጣ ሰውማ ልቡ ደንዝዟል። ጥያቄው ቁጣው ከተነሣ በኋላ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው።

ሰው ሲቆጣ አንጎሉ ለአካሉ የአደጋ ምልክት ይሰጣል፤ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎችም አድሬናሊን የተባለውን ሆርሞን ወደ ደም ይለቃሉ። ልብ በፍጥነት ይመታል፤ የደም ግፊት ይጨምራል፤ ጡንቻ ይወጠራል፤ ትንፋሽ ያጥራል። ይህ ለመታገል ወይም ለመሸሽ እንጂ ለመመዘንና ለመፍረድ የሚመች ሁኔታ አይደለም። «ደሙ ፈላ» እንደምንለው፣ የፈላው እስኪበርድ ጊዜ ይፈልጋል፤ ለብዙ ሰው ሃያ ደቂቃና ከዚያም በላይ ይወስዳል። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ቀደም ያሉ ጥናቶችን ያሰባሰበ ምርመራ እንዳመለከተው፣ ከብርቱ ቁጣ በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓታት ውስጥ ድንገተኛ የልብ ሕመም የመነሣት ዕድሉ ከሌላው ጊዜ ወደ አምስት እጥፍ ይጠጋል።

በዚህ ረገድ ሁለት ስሕተቶችን እንሠራለን። አንደኛው «ይውጣልኝ» ብሎ መጮኽ፣ ዕቃ መስበር፣ በእንስሳ ወይም በልጅ ላይ መወጣት ነው። ይህ ቁጣን አያበርድም፤ ይልቁንም አካልን ያስለምደዋል። ሁለተኛው ዝምታን ትዕግሥት ማለት ነው። ዝም ያለ ሁሉ ታጋሽ አይደለም፤ ቀን የሚጠብቅም አለ። አበው «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ያሉት ስለዚህ ነው፤ የታፈነው አንድ ቀን ራሱን ያጋልጣል። በቅዳሴ ጊዜ ምእመናን እርስ በርሳቸው ሰላምታ እንዲለዋወጡ የሚታዘዙትም ቂም የያዘ ልብ ወደ ቅዱስ ቊርባን እንዳይቀርብ ነው።

እንግዲህ መንገዱ ይህ ነው፦ እጃችንን እናዘግይ፤ ቃላችንን አናዘግይ።

እጅን ማዘግየት ማለት ፊት ሲግል፣ ጥርስ ሲነከስ ምልክቱን ዐውቆ ዱላውን ማስቀመጥና ከስፍራው ራቅ ማለት ነው። በዝግታ መተንፈስ፣ በተለይም ትንፋሽን ቀስ አድርጎ ማውጣት ልብን ያረጋጋል። አረቄ ግን ማስተዋልን ስለሚያደክም መፍትሔ ሊሆን አይችልም።

ቃልን አለማዘግየት ማለት ከበረደ በኋላ በደሉን በቶሎ መናገር ነው። ስንናገርም ሰውየውን ሳይሆን ድርጊቱን እንጥራ። «አንተ ሌባ» ከማለት ይልቅ «አያ፣ ትልሙ ድንበሩን አልፎብኛል፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ይዘን እንየው» ማለት ለመመለስ በር ይከፍታል። ሁለቱ ብቻቸውን ካልተስማሙ ሽማግሌና የንስሐ አባት አሉ፤ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተርና የቀበሌው የመሬት አስተዳደርም አሉ። በክልላችን በየስፍራው ደም የሚያደርቁ ሽማግሌዎች ከካህናት ጋር ሆነው የገዳይንና የሟችን ወገን ያስታርቃሉ። ይሁን እንጂ ሽምግልና ከቀብር በፊት ቢጠራ ዋጋው ምንኛ በቀለለ ነበር!

ይህ የአንድ ሰው ሥራ ብቻ አይደለም። የተቆጣውን «ወንድ አይደለህም» እያለ የሚገፋፋ ዘመድ በደሙ ተካፋይ ነው። ደግሞም ቁጣ ብዙ ጊዜ የኀዘን መሸፈኛ ይሆናል። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ እስከ ጎረቤታችን ዳባት ወረዳ ደርሶ ነበር፤ ወገኑን ቀብሮ ሳያለቅስ የቀረ ሰው በትንሽ ነገር ቢነድ ሊያስደንቀን አይገባም። እንዲህ ያለውን ከመውቀስ ይልቅ አጠገቡ ተቀምጠን እንስማው፤ እንቅልፍ ካጣም ወደ ጤና ጣቢያ እናድርሰው።

በቤት ውስጥ ግን አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን። የተደበደበችን ሴት «ቻዪው» ብሎ መመለስ ዕርቅ አይደለም። በመጀመሪያ እርስዋና ልጆችዋ ከአደጋ ይጠበቁ፤ ጉዳዩም ለሕግ ይቅረብ።

ድንበሩን ያለፈ ትልም በአንድ ቀን ይስተካከላል፤ የፈሰሰ ደም ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ስለዚህ ዛሬ የተቆጣነው ሰው ካለ፣ ነገ ሳይሆን ዛሬ ሰው እንላክበት።