ከ«ተመስገን» በኋላ ያለው ጥያቄ

ጋይንት ውስጥ ጤና ጣቢያ ተመድቤ ስመጣ የከበደኝ የደም ስር ፍለጋ አልነበረም፤ አንድ ቃል ነው። ካርድ ይዞ የገባውን ሁሉ «እንዴት ነዎት?» ስል መልሱ «ተመስገን» ነው። ወገቡን ይዞ የገባው ገበሬ ተመስገን ይላል። ልጇ በተቅማጥ ዓይኑ የጎደጎደባት እናት «ተመስገን፣ እሱ ያውቃል» ትላለች። ኮሌጅ ሳለን የሕመም መጠን ከዜሮ እስከ አስር ይጠየቃል ተብለን ተምረናል። እዚህ ሁሉም ዜሮ ነው፤ በቃሬዛ የመጣውም ጭምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ክረምት ሲገባ፣ ሁለት የቆሎ ተማሪዎች ሦስተኛውን ደግፈው ከቤተ ልሔም አመጡልኝ። ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት፤ ድጓን ሌላ አገር የተማረ ሰው እንኳ መምህር ለመባል እዚያ ወርዶ ያስመሰክራል። ስለዚህ ተማሪው ከየአቅጣጫው ይመጣል፣ በጠባብ ጎጆ ተፋፍጎ ያድራል፣ ብርዱ ሲጠና ደበሎ ይጋራል። ቅማሉንም ይጋራል። የልጁ ትኩሳት 40 ነጥብ 2 ነበር።

«እንዴት ነህ?»

«ተመስገን ሲስተር፣ ደህና ነኝ። እነዚህ ናቸው በግድ ያመጡኝ።»

ደሙን በማይክሮስኮፕ ስናየው እንደተጠማዘዘ ክር የሚተራመስ ተሕዋስ ሞልቶበታል፤ በቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት ነው። ይህ በሽታ ተንኮለኛ ነው። ጥቂት ቀን ያቃጥልና ይለቃል፣ ሰውየው ዳንኩ ብሎ ወደ ዜማው ይመለሳል፣ ከሳምንት በኋላ እንደገና ይጥለዋል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ አንድ የፔኒሲሊን መርፌ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። አስቸጋሪው መርፌው ከተወጋ በኋላ ያለው ጥቂት ሰዓት ነው። ተሕዋሱ በብዛት ሲሞት ሰውነት ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ከቀድሞው ይብሳል፣ ከዚያ የደም ግፊቱ ይወርዳል። በዚያች ሰዓት የሚሞት አለ። ስለዚህ ወግቶ መሄድ አይቻልም፤ አጠገቡ ማደር ነው።

ልጁ አልጋውን እስኪነቀንቅ ሲንቀጠቀጥ ጓደኞቹ «ገደለችው» በሚል ዓይን አዩኝ። ከዚያ አንደኛው ግድግዳውን ተደግፎ ውዳሴ ማርያም መድገም ጀመረ። እኔ ግፊት እለካለሁ፣ ጉሉኮስ አስተካክላለሁ፤ እሱ ይደግማል። ሊነጋጋ ሲል ልጁን ላብ አጠመቀው፤ ዓይኑን ገለጠና ውሃ ጠየቀ። ማን አዳነው የሚለውን ክርክር ለሌሎች ትቼዋለሁ። ያን ሌሊት ግን ጸሎቱ ባይኖር እኔ ራሴ እንቅልፍ በጣለኝ ነበር።

የሚደግመው ልጅ በማግሥቱ የአገሩን ትውፊት አወራኝ። በግራኝ ጦርነት አብያተ ክርስቲያናቱና መጻሕፍቱ ሲቃጠሉ የያሬድ ድጓ ተርፎ የተገኘው በቤተ ልሔም ነው፤ ምስክር ቤትነቷም ከዚያ የመጣ ነው ይላሉ። ጦርነቱ ያበቃው በ1535 ዓ.ም. ነው። «እግዚአብሔር ጠበቀው» አለኝ። «በምን ጠበቀው?» ስለው ሳቀ፤ «በሰው ነዋ!» አለ። የድጓ ተማሪ እንዲህ ያለ ጥያቄ አያስቸግረውም፤ የጠፋ ብራና ዳግም የሚጻፈው በቃሉ የያዘ ሰው ሲኖር መሆኑን ከማንም ይልቅ ያውቃል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን መጻፍ ይከብደኛል። ነሐሴ 6 ቀን 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ታጣቂዎች እዚሁ ጋይንት ያለችው ነፋስ መውጫ ከተማ ገቡ፤ እስከ ነሐሴ 15 ቆዩ። ጊዜው ፍልሰታ ነበር። በማግሥቱ ጾሙ ሲፈታ ከተማዋ ተለቃለች፤ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ «ያወጣችን እመቤታችን ናት» ይላል። እኔም ይህን ብዬ አልቅሻለሁ። ነገር ግን በእነዚያው ቀናት የተደፈሩ ሴቶች አሉ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ባወጣው ዘገባ 16 ሴቶች የደረሰባቸውን ተናግረዋል፤ የከተማዋ ሆስፒታልና ሌሎች የሕክምና ቦታዎች መዘረፋቸውንም ዘገባው ጽፏል። ልመና ላይ ሳሉ የተጠቁ አሉ፣ ልመና ላይ ሳሉ የተረፉ አሉ። ለምን እንደዚያ እንደሆነ አላውቅም፤ አውቃለሁ የሚለኝንም ሰው አላምነውም።

ከዚያ ወዲህ አንዲት ሴት ወደ እኔ መጣች። ራስ ምታት ነው ብላ ነው የገባችው። «እንዴት ነሽ?» ስላት «ተመስገን፣ ነፍሴ ተርፋለች» አለች። እኔም ደግ የተናገርኩ መስሎኝ «እግዚአብሔር ያደረገው ሁሉ ለበጎ ነው» አልኳት። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ሦስት ወር አልተመለሰችም።

«ለበጎ ነው» የሚባለው የደረሰበት ሰው ራሱ ሲለው ነው። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን መሬት ላይ አብረውት ዝም ብለው ሲቀመጡ ደግ አድርገዋል፤ ነገሩን ያበላሹት አፋቸውን የከፈቱ ዕለት ነው። እኔ ሰባት ደቂቃ እንኳ ዝም ማለት አቃተኝ።

ስትመለስ ያስተማረችኝ እሷው ናት። ምን ብዬ እንደምጠይቃት ግራ ገብቶኝ «ማታ ስትጸልዪ ምን ብለሽ ነው የምትለምኚው?» አልኳት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ከወገቤ በታች ያለውን ሕመም ማርልኝ፤ እንቅልፍ ስጠኝ፤ ደሜን ከመመርመር አውጣኝ እላለሁ» አለችኝ። ለራስ ምታት ያወጣችው ካርድ ላይ የጻፍኩት አዲስ ታሪክ ከዚህ ጸሎት የተቀዳ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አጠያየቄ ተለውጧል። «ተመስገን» ሲሉኝ እኔም «ተመስገን» እላለሁ፤ ቃሉን ከአፋቸው መንጠቅ የኔ ሥራ አይደለም። ከዚያ ስለ ጸሎታቸው እጠይቃለሁ። አረጋዊው «ይህን ጎኔን» ብለው ጎናቸውን ይይዛሉ፤ እናቲቱ «ጡቴን» ትላለች። ለእኔ ይሉኝታ ነው የሚነግሩኝ፤ ለእግዚአብሔር እውነቱን። በእሱ ቸርነት መታመናቸውን የማየው በምስጋናቸው ብቻ አይደለም፤ ሳይደብቁ በመለመናቸውም ነው።

ጸበል የሚሄደውን አልከለክልም። የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ይወሰዳሉ ብለው ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ተናግረዋል፤ እኔ ከዚያ የበለጠ ነገረ መለኮት አልጨምርም። የምጨምረው ሰዓት ነው። የተደፈረች ሴት በ72 ሰዓት ውስጥ ከደረሰችልን ኤችአይቪን የሚከላከል የ28 ቀን መድኃኒት አለ፤ ሰዓቱ ቢያልፍም ሌላ የምንሰጠው ሕክምና ስላለ ትምጣ። እህታችሁን፣ ልጃችሁን ይዛችሁ ወደ ጸበል የምትወርዱ፣ እባካችሁ መጀመሪያ በእኛ በኩል እለፉ። ሌሊትም ቢሆን በሩን አንኳኩ፤ ተረኛ አለ።