ጠጠር በመኪና ቁጥር ሳይሆን በልክ ይታዘዝ

ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ በሚገኘው በጉለሌ ክፍለ ከተማ የክረምት ጎርፍ ቁልቁል ሲወርድ አጥርና ደጅ ለይቶ አያልፍም። በሽሮ ሜዳ፣ በቀጨኔ፣ በአዲሱ ገበያና በሌሎችም ተዳፋት ሰፈሮች የሚገኙ አጥቢያዎች ሐምሌና ነሐሴ በገቡ ቁጥር የሚያዩት ነገር ተመሳሳይ ነው፤ የቅጥር ግቢው አፈር ይታጠባል፣ መተላለፊያው ጭቃ ይሆናል፣ ውኃው የሕንፃውን መሠረት ይነካል። ስለዚህም ሰበካ ጉባኤያት ከምእመናን ከሚሰበስቡት ገንዘብ ከፊሉን ለገረጋንቲ፣ ለጠጠርና ለአሸዋ ያውላሉ። ግዥው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ገንዘብ ሳይታወቅ የሚባክንበት ግዥ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ የራሴ ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ ክፍለ ከተማ በሚገኝ አንድ አጥቢያ፣ ከበሩ እስከ ዐውደ ምሕረቱ ድረስ 100 ሜትር የሚረዝምና 2.5 ሜትር የሚሰፋ የእግር መንገድ ገረጋንቲ እንዲለብስ ተወሰነ። የግዥ መጠየቂያውን ያዘጋጀሁት እኔ ነበርሁ። በቅጹ ላይ የጻፍሁት ግን «ገረጋንቲ፣ ባለ 16 መኪና፣ 2 ቢያጆ» የሚል ብቻ ነበር። ጭነቱ በሌሊት መጣ፤ ዘበኛው በሩን ከፍተው አስገለበጡ። ሲነጋ ሁለት ትልልቅ ክምሮች አይተን ደስ አለን፤ ክፍያውም በዚያው ዕለት ተፈጸመ። ሥራው ሊያልቅ ሲቃረብ ግን ገረጋንቲው አለቀ፤ በበሩ በኩል 17 ሜትር ያህል መንገድ ሳይሸፈን ቀረ። ተጨማሪ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረም፤ ክረምቱም ገባ። በሐምሌ አንዲት አረጋዊት እናት ከቅዳሴ ሲመለሱ በዚያች ባልተሸፈነች ቦታ አዳልጧቸው ወደቁ፤ ክንዳቸውም ተሰበረ። ለመንገዱ ሥራ ከመቀነታቸው ፈትተው ከሰጡት እናቶች አንዷ ነበሩ።

በኋላ ከዚያው አቅራቢ ሌላ ጭነት ይዞ የመጣውን ተመሳሳይ መኪና በሜትር ስንለካው፣ የሣጥኑ ውስጥ ርዝመት 5.40 ሜትር፣ ስፋቱ 2.30 ሜትር፣ የጭነቱ አማካይ ከፍታ ደግሞ 1.05 ሜትር ነበር። ሦስቱ ሲባዙ 13 ሜትር ኪዩብ ይሆናሉ። «ባለ 16» የሚለው የመኪናው መጠሪያ እንጂ የጭነቱ ልክ አልነበረም። ሻጩን የምንጠይቅበት ምክንያት ግን አልነበረንም፤ ያዘዝነው 2 መኪና ነው፤ የመጣልንም 2 መኪና ነው።

አስቀድሞ ቦታው ይለካ

የትእዛዙ መነሻ የሚለብሰው ቦታ ነው። ርዝመቱ፣ ስፋቱና የሚፈለገው ውፍረት በሜትር ተለክተው ይባዛሉ። ባነሣነው ምሳሌ 100 ሜትር በ2.5 ሜትር፣ በ10 ሳንቲ ሜትር ማለትም በ0.10 ሜትር ሲባዛ 25 ሜትር ኪዩብ ይሆናል። ይሁን እንጂ ይህ ከተጠቀጠቀ በኋላ የሚኖረው መጠን ነው። ልል ሆኖ የሚመጣ ገረጋንቲ ሲረጠብና ሲጠቀጠቅ ስለሚቀንስ፣ በትእዛዙ ላይ 25 በመቶ ያህል መጨመር ይገባል። ስለዚህ መታዘዝ የነበረበት 31 ሜትር ኪዩብ ገደማ ነው። ለእኛ የደረሰን 26 ብቻ ስለ ነበር፣ ሲጠቀጠቅ ከ21 ሜትር ኪዩብ ያነሰ ሆነ፤ 17ቱ ሜትር ባዶውን የቀረበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ቦታው ሲለካ ተዳፋቱም አብሮ ይታይ። ከሕንፃው ግድግዳ ወደ ውጭ በእያንዳንዱ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያለ የሚሄድ ወለል ውኃውን ከመሠረቱ ያርቃል። ቁልቁለቱ በጠነከረበት ስፍራ ግን ልል ጠጠር ብቻውን አይቆምም፤ በመጀመሪያው ዝናብ ታጥቦ ከበታች ወዳለው ጎረቤት ይወርዳል። እንዲህ ባለው ስፍራ በመንገዱ ዳርና ዳር ጠርዝ የሚይዝ ድንጋይ መትከል፣ የውኃ መውረጃ ቦይም ማውጣት ከጠጠሩ ግዥ መቅደም አለበት።

የዕቃው ዓይነት ተለይቶ ይጻፍ

«ጠጠር» የሚለው ቃል ብቻውን ትእዛዝ ሊሆን አይችልም። ገረጋንቲ ደቃቁና ሻካራው የተቀላቀለበት ስለ ሆነ ሲጠቀጠቅ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ለመንገድ መሠረት የሚመረጠውም ለዚህ ነው። በክሬሸር የተፈጨው ጠጠር በገበያ ላይ 00፣ 01፣ 02 እየተባለ ይጠራል፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ጠጠሩ ይተልቃል። 02 ለኮንክሪት የሚፈለግ ነው። ታጥቦና ተበጥሮ የመጣ ጠጠር ደቃቅ ስለሌለው አይያያዝም፤ ውኃ ለማስረግ ይጠቅማል እንጂ ለሚረገጥ መንገድ አይመችም።

በቤተ ክርስቲያን ግቢ ደግሞ ሌላ ቦታ የማይነሣ ጥያቄ አለ፤ ስፍራው ምን ይደረግበታል? ምእመናን በሚሰግዱበትና በሚንበረከኩበት፣ ካህናት ዑደት በሚያደርጉበት ዙሪያ ስለታም ጠጠር ማፍሰስ ጉልበትንና ባዶ እግርን መጉዳት ነው። በክራንችና በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጡትም በልል ጠጠር ላይ መንቀሳቀስ ይቸግራቸዋል። ለዚህ ስፍራ ጠፍጣፋ ጥርብ ድንጋይ ወይም ኮብልስቶን ይሻላል። ኮብልስቶን በአገራችን በብዙ ከተሞች የተስፋፋ ሲሆን፣ ብዙ ወጣቶችን የሥራ ባለቤት አድርጓል። ጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ድንጋይ በአንድ ሜትር ካሬ ላይ ከነመጋጠሚያው ወደ 80 ያህል ይገባል፤ ከሥሩም የአሸዋ ንጣፍ ያስፈልገዋል። ልል ጠጠሩ መኪና ለሚቆምበትና ሰው ለማይሰግድበት ዳርቻ ይቆይ።

ዋጋ ሲወዳደር

ከሦስት አቅራቢዎች ፕሮፎርማ ሲሰበሰብ ሁሉም ዋጋቸውን በሜትር ኪዩብ እንዲሰጡ ይጠየቁ። ዋጋው ማጓጓዣን፣ የሠራተኛ ክፍያንና ተጨማሪ እሴት ታክስን ያካተተ መሆኑም በጽሑፍ ይገለጽ። 13 ሜትር ኪዩብ የሚጭነው መኪና 16 ከሚጭነው በ10 በመቶ ቢረክስም፣ ለእያንዳንዱ ሜትር ኪዩብ ሲሰላ የሚወደደው እርሱ ነው። «ርካሽ ቢያጆ አገኘን» ማለት ርካሽ ጠጠር አገኘን ማለት አይደለም።

ከመገልበጡ በፊት

በከተማችን በከባድ መኪናዎች ላይ የሰዓት ገደብ ስላለ ጭነት ብዙ ጊዜ በሌሊት ይመጣል። በዚያ ሰዓት ኃላፊነቱን ሁሉ በዘበኛው ላይ መጣል ተገቢ አይደለም። ከሰበካ ጉባኤው፣ ከንብረት ክፍሉና ከሥራው ተቆጣጣሪ የተውጣጡ ሦስት ሰዎች ሜትርና ባትሪ ይዘው ይገኙ። ርዝመቱንና ስፋቱን ከሣጥኑ ውስጥ ይለኩ፤ የጭነቱን ከፍታ በመካከልና በአራቱ ማዕዘን ለክተው አማካዩን ይያዙ። በትእዛዙ ላይ «ክፍያው የሚፈጸመው በርክክብ ጊዜ በተለካው ሜትር ኪዩብ ነው» የሚል አንቀጽ ካለ፣ ከሾፌሩ ጋር ክርክር አይኖርም። የንብረት ገቢ ደረሰኙም፣ ሞዴል 19፣ በዚያው በተለካው መጠን ይቆረጥ።

ዕቃው ሳይለካ ከተገለበጠም መላ አለው። ክምሩ እንደ ጎጆ ክዳን ክብ ከሆነ፣ ከመሐል እስከ ዳር ያለውን ርቀት በራሱ አባዝቶ በቁመቱ ማባዛት ለትክክለኛው መጠን በጣም የቀረበ ውጤት ይሰጣል። ለምሳሌ ከመሐል እስከ ዳር 2.6 ሜትር፣ ቁመቱም 1.85 ሜትር ቢሆን ውጤቱ 12.5 ነው፤ 5 በመቶ ሲጨመርበት 13 ሜትር ኪዩብ ይሆናል።

አሸዋ ሲሆን ሁለት ነገሮች ይጨመራሉ። የመጀመሪያው እርጥበት ነው፤ ጥቂት የረጠበ አሸዋ ከ20 እስከ 30 በመቶ ሊያብጥ ስለሚችል፣ ሲለካ ብዙ ይመስልና ሲደርቅ ያንሳል። ሁለተኛው ደለል ነው። ጠርሙስ በአሸዋ እስከ እኩሌታው ሞልቶ፣ ውኃ ጨምሮና በደንብ በጥብጦ ማሳደር ነው። ሲነጋ ደለሉ ከአሸዋው በላይ ተለይቶ ይታያል። የአገራችን መመዘኛ ከ6 በመቶ በላይ ደለል ያለበት አሸዋ እንዲታጠብ ወይም እንዳይወሰድ ይመክራል፤ አሸዋው 10 ሳንቲ ሜትር ቢቆም ደለሉ ከ6 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም ማለት ነው። ውጤቱ የሚታወቀው አድሮ ስለ ሆነ ናሙናው ከግዥው በፊት ይምጣ።

መኪናው የሚቆምበት ስፍራ

አንድ ሜትር ኪዩብ ጠጠር 15 ኩንታል ያህል ይመዝናል። እንግዲህ 16 ሜትር ኪዩብ 240 ኩንታል ነው፤ የመኪናው ክብደት ሳይቆጠር። ይህ ሸክም በተቀበረ የውኃ ቧንቧና ምልክቱ በጠፋ አሮጌ መቃብር ላይ እንዳያልፍ፣ አስቀድሞ ግቢውን የሚያውቁ አባቶች ይጠየቁ። የሰፈሩ መንገድ ጠባብ ከሆነም ትልቁ መኪና በአስፋልቱ ዳር ገልብጦ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲህ በሰው ጉልበት ለማመላለስ የሚወጣው ወጪ በዋጋው ማነፃፀሪያ ውስጥ ይግባ።

የግቢያችን ጽድና ወይራም ይታሰቡ። በግንዱ ሥር የተከመረ ጠጠር ወይም አፈር ሥሩን አየር ይነሣዋል፤ የመኪና ጎማም መሬቱን ያጠነክርበታል። ጉዳቱ ወዲያው አይታይም፤ ዛፉ ቀስ በቀስ ይደርቃል። ስለዚህ ማራገፊያው ከዛፎች ርቆ በካስማ ይከለል።

ጊዜውን በተመለከተ ትእዛዙ ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው በጋ ቢፈጸም፣ ለመጠቅጠቅም ሆነ ጉድለት ቢገኝ ለማሟላት ፋታ ይሰጣል። ለንግሥ በዓል ዋዜማ የሚታዘዝ ጭነት ግን ጥድፊያን ያስከትላል፤ በጥድፊያም ልክ ይረሳል።

ይህ ሁሉ በቤቱ ደጅ ጠጠር ለሚያስጥል ምእመንም ያው ነው፤ ለአንድ አይሱዙ ጭነትም ሜትሩ አንድ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ የወደደው ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ ጌታችን ያስተማረውን ሁላችንም እንሰብከዋለን። ያን ትምህርት በግዥ ቅጽ ላይ መጻፍ የእኛ ድርሻ ነው። እኔ አሁን በማዘጋጀው መጠየቂያ ላይ «ቢያጆ» የሚለው ቃል የለም። ያቺ የ17 ሜትር ቦታም በቀጣዩ በጋ ተለክታ ለብሳለች፤ እኒያ እናት ዛሬ በምርኩዝ ይሄዱባታል።